ያልታዩት ዐሥራ አንድ ቀናት

ባለፈው ሳምንት ከእንጅባራ አንዲት ልጅ በስልኬ ቅጽ ላከችልኝ። ሰላማዊት ትባላለች፤ የሥነ ምድር ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። መሬትን፣ ድንጋይንና ውሃን ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎች ከየት ተነሥተው፣ በየት በኩል ዞረው ወደ ሙያው እንደገቡ የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ልታድል ነው። «ልጆቹ ጂኦሎጂስት ሲባል መነጽር ያደረገ፣ መዶሻ የያዘ ወንድ ብቻ ነው የሚታያቸው። እርስዎንም ይዩ እንጂ» አለችኝ። መነጽሩን እንኳ እኔም አድርጌአለሁ፤ ዕድሜ ያመጣው ነው።

ቅጹ አጭር ነው። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ትምህርት፣ ሥራ። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ወደ ሙያው የመጡበትን መንገድ በየዓመቱ ይዘርዝሩ። ባዶ ያለፈ ዓመት ካለ ምክንያቱን ይግለጹ።» እዚህ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

አንድ ባዶ ዓመት አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራ ባመለከትኩ ቁጥር፣ የሕይወት ታሪክሽን አምጪ በተባልኩ ቁጥር «በግል ጥናት ላይ» እያልኩ ነው የማልፋት። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ጥሩ ቃል ናት፣ ታምራለች። ውሸት መሆኗን የምናውቀው እኔና አንዲት ሌላ ሴት ብቻ ነን። ያቺ ሴት ዘይነባ ናት።

ያደግሁት ዳንግላ ነው። አባቴ ባለጋሪ ነበር። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ ስሙንም ከመልኩ ነው ያገኘው፤ አባቴ በስም ማውጣት ብዙ አይጨነቅም። የገበያ ቀን ሲሆን ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ገጠሩ መንገድ ሲመላለሱ ይውላሉ። የእናቴ ዘመዶች ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ መንደር ውስጥ ነበሩ፤ አማርኛ የማያውቁ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ አዊኛ ለምጄ አደግሁ። ያ ዓመት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ጎድሎኝ ቤት የተቀመጥኩበት ነው። ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። «ምን አገኘሽ?» የምትለዋን ጥያቄ ለመሸሽ ማለት ነው።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን አባቴ ከጋሪው ሳይወርድ ከደጅ ተጣራ።

«አንች ጥሩዬ! ነጠላሽን ያዥና ውጭ! ሥራ አምጥቸልሻለሁ።»

ስወጣ ጋሪው ላይ አንዲት ሻሽ ያሠረች ቀጭን ሴት ሁለት የብረት ሣጥኖች አቅፋ ተቀምጣለች። ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ገጠሩ የሚወስዳት ጋሪ ስትፈልግ ነው አባቴን ያገኘችው። የገጠሩ ሰው በእጁ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ውሃቸው በበጋ ምን ያህል እንደሚወርድ ልታጠና ነው የመጣችው፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ። ግን አዊኛ አታውቅም። አባቴም በመንገድ ላይ «ልጄ አለችልሽ፤ በአማርኛ ትሟገታለች፣ በአዊኛ ትገበያያለች» ብሎ ሸጦልኛል። ሌሎች ወደ ሳይንስ በየት በኩል እንደገቡ አላውቅም፤ እኔ የገባሁት በአባቴ ጋሪ ነው።

መጀመሪያ እርስዎ ስላት ተቆጣችኝ። «ወላሂ ገና ሃያ ዘጠኜ ነው፣ አታስረጂኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘይነባ፣ አንቺ እያልኩ ቀጠልኩ።

ሥራዬ ሁለት ነበር። እሷ ስትመጣ ማስተርጎም፤ በሌለችበት ጊዜ ደግሞ በየቀኑ ጠዋት፣ ሴቶቹ ውሃ ሳይቀዱ፣ የአንድ ጉድጓድ ውሃ ከአፉ ስንት ሜትር እንደራቀ ለክቶ ደብተር ላይ መጻፍ። ጉድጓዱ የእማማ ይታይሽ ነው፤ የእናቴ አክስት ናቸው። መለኪያው ጫፉ ላይ ብረት የታሠረበት ሜትር ነው። ቀስ እያልሽ ታወርጂዋለሽ፣ ብረቱ ውሃ ሲነካ ጧ ይላል፣ ያኔ ታነብቢያለሽ። በቃ። ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። የመንደሩ ሰዎችም እንደዚያው ነበር የሚያዩት፤ «ጥሩ ዛሬም ውሃውን ስታጠምድ አየናት» ይሉ ነበር።

ጥር ላይ ዘይነባ ዛሬ እንጅባራ ወደምትባለው ወደ ቆሰበር ይዛኝ ሄደች። መንገዱ ላይ ለጊዮርጊስ በዓል የተሸለሙ ፈረሶች በረድፍ ይመጡ ነበር፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ቆሞ አሳለፋቸው፣ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ቆሰበር ስንደርስ ብርዱ ለብቻው ነው። ከቀርከሃ አጥር ጥግ የተቀመጠች ሴት ትኩስ የተቀቀለ ድንች በቃሪያ ዳጣ ትሸጥ ነበር፤ እጃችንን እያሞቅን በላን። ከዚያ በእግራችን ወደ ጥርባ ወጣን።

ጥርባን በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ግን ሐይቅ ነው ብዬ ነበር ያየሁት። ያን ቀን ከአፋፉ ላይ ተቀምጠን ቁልቁል ስናየው ዘይነባ «ይኼ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ነው» አለችኝ። እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ እንደተኛ፣ ያ ውሃ እኛ ከእማማ ይታይሽ ጉድጓድ ከምንለካው ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ በክረምት እንደሚጠግብ በበጋ እንደሚከሳ ነገረችኝ። ስትናገር ጣቷ አያርፍም፤ መሬት ላይ ትሥላለች፣ ድንጋይ ታነሣለች፣ ታሸተዋለች። ድንጋይ የሚያሸት ሰው ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።

«እንዴት ወደዚህ ነገር ገባሽ?» አልኳት።

«እኔ?» ሳቀች። «ምሳ ሳደርስ።»

ወሎ ነው የተወለደችው። በድርቁ ጊዜ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ቆላ ሰፈራ ሄዱ። ሰፈሩ ውሃ አልነበረውም፤ አንድ ቀን የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን መጣ። እናቷ ለሠራተኞቹ እንጀራ ትሸጥ ነበርና ዘይነባ ምሳ ታደርሳለች። ከጉድጓዱ የሚወጣውን አፈር በየሜትሩ እየለየ በተርታ የሚያስቀምጥ አንድ ሠራተኛ ነበር። ወባ ያዘውና ተኛ። እሷም ምሳውን አስቀምጣ አፈሩን መደርደር ጀመረች፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ አመድማ፣ ከዚያ ደግሞ ድንጋይ። «ከምንረግጠው መሬት ሥር ሌላ መሬት፣ ከሱም ሥር ሌላ እንዳለ ያን ቀን ገባኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በቀጥታ ጂኦሎጂ ተማረች እንዳይመስላችሁ። አስተማሪ ሆና ሦስት ዓመት ፊደል አስቆጥራለች፤ በማታ ተምራለች፤ ለመስክ ሥራ ያመለከተችበት ቢሮ «ሴት ዱር ለዱር ምን ታደርጋለች?» ብሎ መልሷታል። በጂኦሎጂ ክፍሏ ሴት እሷ ብቻ፣ የቆላ ልጅ እሷ ብቻ፣ ሻሽ ያሠረችም እሷ ብቻ ነበረች።

እኔ እንግዲህ ነጥብ ጎድሎኝ ጓዳ የተደበቅሁ ሰው ነኝ። የሷን መንገድ ስሰማ ልቤ ምን እንዳለ መናገር አልችልም። ቀጥ ያለ መንገድ ስቼ ጠፋሁ ብዬ ነበር፤ ለካ መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም።

ከመነሣታችን በፊት ቃል ገባችልኝ። መስከረም ላይ የውሃ ቴክኒሺያን ሥልጠና ይጀመራል፤ ከአካባቢው የሚቀበሉት አንድ ሰው ነው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ደብዳቤ ከጻፈለት ነጥቡን አጥብቀው አይጠይቁም። «ክረምቱ ሳይገባ እጽፍልሻለሁ። ደብተርሽን ብቻ በደንብ ያዥልኝ። እነሱ የሚያዩት እሱን ነው።» ወደ ዳንግላ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አልተቀመጥኩም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ወንበር እያለ ቆሜ ሄድኩ። መቀመጥ አቃተኝ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በጾሙ አጋማሽ አንድ ቀን ጠዋት ጉድጓዱ ጋ ስደርስ አፉ በእሾህ ተዘግቷል። ሌሊት ውሻ ገብቶበት ሞቶ ተገኝቷል። ውሻውን አውጥተውታል፤ ውሃው ግን ረክሷልና ቄስ ጸሎት አድርሰው ጠበል እስኪረጩበት ድረስ ማንም አይነካውም። ቄሱ ደግሞ ታመው ባሕር ዳር ለሕክምና ሄደዋል። ሰዉ ቄሱ እስኪመጡ ድረስ ከወንዝ ይቀዳል። እንኳን ባልዲ፣ ገመድ እንኳ የሚያወርድበት የለም። እኔም አላወረድኩም። ወግ ነው፤ አድጌበታለሁ፤ ማንም ሳይነግረኝ እጄ ራሱ ተሰበሰበ።

ችግሩ ደብተሩ ነበር። በየቀኑ ጠዋት እሄዳለሁ፣ እሾሁን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ባዶ መስመር ተውኩ። ሁለተኛ ባዶ መስመር። በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ደብተሩን ገልጣ «ይኼ ምንድን ነው?» ስትለኝ ታየኝ። ምን እላታለሁ? ውሻ ገባና ውሃው ረከሰ፣ ቄስ እንጠብቃለን ልበላት? ለተማረ ሰው? ያውም ለእስላም ሴት? በእኛ በገጠሮቹ የምትስቅ መሰለኝ፤ ወይም ደግሞ ይህች ልጅ ለሳይንስ አትሆንም የምትል። ስለዚህ ብዕሬን አነሣሁ። በጋ ነው፤ ውሃ በበጋ ይወርዳል፤ እስከዚያ ድረስም በየቀኑ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ሲወርድ ነበር። ሁለት ሁለት እየጨመርኩ ጻፍኩ። ቄሱ እስኪመጡ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ፤ ዐሥራ አንድ መስመር ሞላሁ። ቆንጆ ነበሩ። እውነተኞቹ ቁጥሮች እንደነሱ ሥርዓት አልነበራቸውም።

እሾሁ የተነሣ ቀን ብለካ ኖሮ ነገሩ ያኔ ይጋለጥ ነበር። ግን ጠበሉ የተረጨው ከረፋዱ ነው፤ ሴቶቹም ዐሥራ አንድ ቀን የናፈቁትን ውሃ ያን ቀን ሙሉ ሲቀዱ ዋሉ። በማግሥቱ ስለካ ውሃው ቀድሞ ወደነበረበት ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከኔ ፈጠራ ብዙም አልራቀም። ተገላገልኩ ብዬ ፋሲካን በደስታ በላሁ።

ግንቦት ላይ ዘይነባ መጣች። አባቴ በጋሪ አደረሰንና እኛ ከእማማ ይታይሽ ቤት ስንገባ እሱ ዳማን ሣር ላይ ለቆ ከባሕር ዛፍ ሥር ጋደም አለ። ለእማማ ይታይሽ ስኳርና ሳሙና ይዛላቸው ነበር። እሳቸውም እርጎ አቀረቡልን። ዘይነባ ደብተሬን ገልጣ ገጹን በጣቷ እያወረደች አየችው፤ ፊቷ በራ። «ማሻ አላህ፣ አንድ ቀን እንኳ አላጓደልሽም!» አለች። እኔ ዓይኔን ወደ እርጎው መለስኩ።

ከዚያ ወደ እማማ ይታይሽ ዞረች። «እስቲ ጠይቂልኝ፤ ጉድጓዳቸው ዘንድሮ በበጋው እንዴት ነበር?»

ጠየቅሁ። እማማ ይታይሽ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው በአዊኛ እንዲህ አሉ፦

«ጉድጓዴማ ምን አለበት፣ ጥሩ ነው። በጾሙ ውሻ ገብቶበት ቄሱ እስኪመጡ ዐሥራ አንድ ቀን ዘጋነው እንጂ። እሾሁን ስናነሣ ታዲያ ውሃው ምን ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ጠበቀን መሰለሽ! መጀመሪያ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ገመዴ ግማሹ እጄ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ።»

ውሃው ወጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ ወረደ ብዬ ጽፌአለሁ። ቤቱ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«ጥሩ ነው አሉ» አልኳት።

ዘይነባ ሳቀች። «ይህን ሁሉ ተናግረው ‘ጥሩ ነው’ ብቻ? አዊኛ እንዲህ ረጅም ቋንቋ ነው እንዴ?»

እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁትን ሳቅ ዛሬም ሳስበው ይቀፈኛል። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልፍ ይችል ነበር። ደብዳቤው ይጻፋል፣ መስከረም ላይ እሄዳለሁ፣ ማንም አያውቅም። ግን እማማ ይታይሽ እጄን ያዙኝ።

«ነገርሻት የኔ ልጅ? ገመዱንም ነገርሻት?»

ዓይናቸው ያበራ ነበር። ያዩትን ነገር፣ ራሳቸው ያስተዋሉትን፣ የተማረች ሰው እንድታውቅላቸው ነው የፈለጉት። በዚያ ዕድሜያቸው ስለ ጉድጓዳቸው የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔ ደግሞ ቃላቸውን ዋጥ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ቁጥሩን ዋሸሁ፣ ዘይነባን ዋሸሁ፣ አሁን ደግሞ አዎ ነገርኳት ብዬ እሳቸውን ልዋሽ ነው። አልሆነልኝም።

እንደገና ጀመርኩ። ውሻውን፣ እሾሁን፣ ቄሱን፣ ገመዱን፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ስጨርስ «ደብተሩ ላይ ያሉት የነዚያ ቀናት ቁጥሮች የኔ ፈጠራ ናቸው» አልኩ። ድምፄን ራሴም አልሰማሁትም።

ዘይነባ እርጎዋን አስቀመጠች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ። ረከሰ ምናምን ስል የምትስቂብኝ መሰለኝ።»

«እኛ ዘንድስ ውሻ ሲገባበት ዝም ብለን የምንጠጣ መሰለሽ? ሼኩ ይጠየቃሉ፣ ውሃው በባልዲ እየተቆጠረ ይወጣል። እናቴ ቆማ ስትቆጥር ነው ያደግሁት!» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ጥሩዬ፣ እኔኮ ከመጣሁ ጀምሮ ሰዉን ለዐሥር ቀን ውሃ አትቅዱ ብዬ ልለምን አስቤ አፍሬ ተውኩት። ሳይቀዳ ሲያድር ነው መሬቱ በቀን ስንት ውሃ እንደሚሰጥ የሚታወቀው። የማልጠይቀውን ነገር ውሻ አመጣልኝ፤ አንቺ ደግሞ ቀበርሽብኝ።»

ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ አልጮኸችም። ደብተሩን አንሥታ ወደ ደጅ ወጣች፣ ጀርባዋን ሰጥታን እርሳሷን አወጣች፣ አንድ ነገር ጻፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ውሸታም መሆኔን ነው የጻፈችው ብዬ ነበር። ለዓመታት እንደዚያ አምን ነበር።

ስትመለስ ግን ወደ እማማ ይታይሽ ነው የሄደችው። «ጠይቂያቸው፤ እሾሁ ሲነሣ ውሃው የት ድረስ ነበር?»

እማማ ይታይሽ ተነሥተው እየመሩ ወሰዱን። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ቆፋሪው ሲወርድና ሲወጣ እግሩን የሚያስገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። አጎንብሰው ከላይ በጣታቸው ቆጠሩ፤ «አምስተኛው እግር መርገጫ ውሃ ውስጥ ነበር፣ አራተኛው ደረቅ ነበር» አሉ። ዘይነባ ሜትሩን እስከ አምስተኛው አወረደች፣ አነበበች፣ በሌላ ወረቀት ጻፈች። ስማቸውንም እስከ አባታቸው ጠይቃ ጻፈች። በኋላ ጥናቷ ሲወጣ አየሁት፤ ከሠንጠረዡ ሥር «ይህ ልክ ወይዘሮ ይታይሽ ባዩት መሠረት የተወሰደ ነው» ይላል። ፊርማቸው አውራ ጣት የነበረ ሴት በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ምስክር ሆነው ገብተዋል።

በጋሪው ስንመለስ ነው የነገረችኝ። «ዘንድሮ ደብዳቤውን አልጽፍልሽም።» ከዚያ ከሣጥኗ አዲስ ደብተር አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። «ከፈለግሽ ግን ቀጥዪ። ያላየሽው ቀን ባዶ ይሁን። ለምን ባዶ እንደሆነ ደግሞ ከጎኑ ጻፊበት። ውሻም ይሁን ሠርግም ይሁን ጻፊው።»

አባቴ ሁሉንም ሰምቷል፤ ጋሪ ላይ ምሥጢር የለም። መናኸሪያው ጋ አወረድናትና ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቅሳለሁ።

«ዳማ አምና እዚህች ድልድይ ላይ ተደናቅፎ ጣለኝ» አለ አባቴ ድልድዩ ላይ ስንደርስ። «ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ሸጥኩት?»

«አልሸጥከውም።»

«እሷም ደብተር ሰጠችሽ እንጂ አልሸጠችሽም። በይ ፊትሽን ጥረጊ፣ ሰው ያያል።»

መስከረም ላይ ወደ ሥልጠናው የሄደው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። ሲሰናበተኝ መንገድ ላይ ቆሜ በእጄ ሜትሩን ይዤ ነበር። ያን ዓመት ቅናቱንና ክረምቱን አንድ ላይ ነው የቻልኩት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ አንዳንድ ጠዋት ሜትሩን ከነብረቱ ጉድጓዱ ውስጥ ልወረውረው እጄ ይቃጣል። ግን ሄድኩ። ባዶዎቼም በዙ። «አልተለካም፤ የእማማ ይታይሽ ወንድም ቀብር።» «አልተለካም፤ ታምሜ።» «አልተለካም፤ ወንዙ ሞልቶ መሻገር አልቻልኩም።» ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ሳየው የመንደሩ ዓመት በሙሉ እሱ ላይ ነበር፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ዝናቡ መቼ እንደከፋ። ዘይነባ ስታነበው ሳቀች፣ አንድ ቦታ ላይም ዓይኗን ጠረገች፤ በማግሥቱ ደብዳቤውን በታሸገ ፖስታ ሰጠችኝ። ይህን ሁለተኛ ዓመት ቅጽ ላይ «ውሃ ለኪ» ብዬ ሳላፍር እጽፈዋለሁ፤ የምሸሽገው የመጀመሪያዋን ነው።

የቀረውን ቅጹ ያውቀዋል። ሥልጠና፣ የውሃ ቢሮ፣ የማታ ትምህርት፣ ከወለድኩ በኋላ ዲግሪ፣ ከዚያ ምርምር። ዛሬ በስብሰባ ላይ የሥራ ባልደረቦቼን ስመለከት ቀጥ ብሎ የመጣ ጥቂት ነው። አንዱ ድንጋይ ፈላጭ ነበር፤ የሚፈልጠው ድንጋይ ለምን በአንድ በኩል ብቻ እንደሚሰነጠቅ ማወቅ ፈልጎ መጣ። አንዷ ከአባቷ ሱቅ የመጣች ናት፤ አንዱ ቅኔ ጥሎ የመጣ ነው። እያንዳንዳቸው ሌላው ያላየውን ያያሉ። ታዲያ የሁላችንም የሕይወት ታሪክ በወረቀት ሲቀመጥ ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው። በየቀኑ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር።

ቅጹ ላይ እንደቆምኩ ለዘይነባ ደወልኩላት። ጡረታ ወጥታ ቆላ ከልጆቿ ጋር ማንጎ ታለማለች። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል።

«ያቺን ዓመት ምን ብዬ ልሙላት?» አልኳት።

«የቷን ዓመት?»

«ደብዳቤ የከለከልሽኝን።»

በስልኩ ውስጥ ሳቋ እየተቆራረጠ መጣ። «እውነቱን ልንገርሽ? ደብዳቤውን ያን ጊዜም ልጽፍልሽ እችል ነበር። ግን አንቺ ከሄድሽ ለሁለተኛው ዓመት ጉድጓዱን የሚለካልኝ ሰው ከየት አመጣለሁ? ሌላ ሰው አሠልጥኜ ደግሞ እሱ እስኪዋሸኝ ልጠብቅ?»

«አንቺ ሴትዮ! እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላመንሽኝ መስሎኝ!»

«አላመንኩሽም?» አለች። «ቆይ፤ ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ላሳይሽ።»

ፎቶው እስኪመጣ ብዙ ቆየ። ስልኬ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተገለጠ። የኔ የልጅነት ጽሕፈት፣ ዐሥራ አንዱ ቆንጆ ቁጥሮች፣ በላያቸው አንድ ቀጭን መስመር ተሰምሯል። ከጎናቸው በእርሳስ፣ በዘይነባ እጅ፣ ያን ቀን ጀርባዋን ሰጥታን የጻፈችው አለ፦ «አልታዩም። አስተርጓሚዋ ራሷ ነገረችኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን አምናለሁ።»

ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አለቀስኩ። እማማ ይታይሽ የሉም፤ አባቴም፣ ዳማም የሉም። ያን ሁሉ ዘመን ውሸታም የተባልኩበት መስሎኝ በልቤ የተሸከምኩት ደብተር፣ ለካ የታመንኩበት ነው።

ከዚያ ቅጹን ከፈትኩ። «በግል ጥናት ላይ» የሚለውን አጠፋሁ፤ ዐሥራ ሁለተኛው የፈጠራ መስመር እሱ ነበር። በምትኩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ዳንግላ፣ የእማማ ይታይሽን ጉድጓድ ስለካ። ባዶ የሆነበት ምክንያት፦ ዋሽቼ ነበር፤ ከዚያ ተናገርኩ።» እና ለሰላማዊት ላክሁላት።